ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የምትታመም መኪና

ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰው አድሮ፣ ጠዋት ታቅፋችሁ ሐኪም ዘንድ ስታደርሱት ወርዶ መሮጥ የሚጀምር ልጅ ታውቃላችሁ አይደል? የእኛ ኮሮላ እንደዚያ ነበረች። ቤታችን በር ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ታስላለች፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ጋራዥ ግቢ ስትገባ ግን ጸጥ! መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ትከሻውን ይሰብቃል። “ምንም የለባትም” ይላል። የምርመራውን ሂሳብ ግን ይቀበላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መኪናም እንደዚያው ናት።

ሞዴሏ የ2003 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ በበዛበት ሕንፃ የምትኖሩ ከሆነ መኪና ማቆሚያው ላይ ቢያንስ ሦስት እህቶቿን ታገኛላችሁ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ባለቤቴ ቁልፉን በር ላይ ትቀበለኝና ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ መኪና፣ ሁለት ሥራ፣ ሁለት ትምህርት ቤት። መኪናዋ አንድ ቀን ብትቀር የሚቀረው ብዙ ነው። ስለዚህ ያለፈው ኦክቶበር መንቀጥቀጥ ስትጀምር እኔም አብሬ ነው የተንቀጠቀጥኩት።

ይህን የምጽፍላችሁ መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም። ሳልመረምር ዕቃ አስቀይሬ 595 ዶላር ስላወጣሁ ነው። እናንተ እንዳታወጡ።

ሞተሩ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?

ልጆች፣ እዚህ ጋ እናንተም ቀረብ በሉ። የእኛ መኪና ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። ሲሊንደር ማለት ውስጡ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ቱቦ ነው በሉት። እያንዳንዱ ሲሊንደር አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላ እሳት ትለኩስበታለች፣ ፍንዳታው ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፣ ከዚያ ጭሱን ያስወጣል። መኪና ቆማ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 400 ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። አራቱ ሲደመሩ 1,600። በፈጣን መንገድ ላይ 3,000 ዙር ስትደርስ ደግሞ በየሰከንዱ መቶ ትንንሽ ፍንዳታዎች አሉ። ጆሯችን አንድ ድምፅ አድርጎ ይሰማቸዋል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ሳያቃጥል ሲቀር ነው ሚስፋየር የሚባለው። አራት ሰዎች አልጋ ተሸክመው ሲሄዱ አንዱ በየመሃሉ እጁን ቢለቅ ምን ይሆናል? አልጋው ይወዛወዛል። ሞተሩም እንደዚያ ነው።

ሳያቃጥል የሚቀርበት ምክንያት ከአምስት አይዘልም። ወይ እሳቱ አልመጣም፣ ወይ ቤንዚኑ አነሰ ወይም በዛ፣ ወይ አየሩ ልክ አልሆነም፣ ወይ ሲሊንደሩ መጭመቅ አቅቶታል፣ ወይ ደግሞ ሁሉም እያለ ሰዓቱን አልጠበቀም። ይህ የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስቸግረው “አንዳንዴ” የምትለዋ ቃል ናት። ሁልጊዜ የማይሠራ ካንዴላ ማንም ጀማሪ በአሥር ደቂቃ ያገኘዋል። ሰኞ ሠርቶ ማክሰኞ የሚያምፀውን ግን እዚያው ስታምፅ ያልደረሰ ሰው ሊያየው አይችልም። መካኒኩ መኪናዋን የሚያያት ግማሽ ሰዓት ነው። እናንተ በየቀኑ ናችሁ።

መጀመሪያ መብራቱን እዩ

ከሁሉ በፊት ግን አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት፣ ቼክ ኢንጂን የምንላት፣ በርታ ከቆመች በጥቂት ቀን ውስጥ አስመርምሩ ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነገር ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ እየነደደ ነው ማለት ነው። ይህ ዕቃ ጭሱን የሚያጣራ ሲሆን ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት አሉበት። ሌቦች ከመኪና ሥር ቆርጠው የሚወስዱት እሱን ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ውስጡ ይቀልጣል። ያኔ የአንድ ኮይል ችግር የነበረው ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ስትበልጭ ነዳጅ መርገጡን ቀንሱ፣ አመቺ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። “ቤት ልድረስና” አትበሉ። እኔ ብያለሁ፤ እድለኛ ሆኜ ነው።

595 ዶላሬ የት ሄደች?

የመጀመሪያው ጋራዥ “ካንዴላዎቹ አርጅተዋል” ብሎ አራቱንም ቀየረ፤ 210 ዶላር። እውነት አርጅተው ነበር። መኪናዋም ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሆነች። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ፤ እሷም ተመለሰች። ሁለተኛው ቦታ የኦክስጅን ሴንሰር ነው አለ፤ 265። ሦስተኛው የቤንዚን መርጫዎቹን በመድኃኒት አጠበ፤ 120። ከሦስቱ አንዳቸውም አጭበርባሪ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያላዩትን በሽታ እንዲያክሙ ነው የወሰድኩላቸው። በየጊዜው የምናገረውም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ “አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች።” ያውም የምትናገርልኝ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአንድ ትልቅ ሰው አጫወትኳቸው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ፣ አሁን ልጆቻቸው ጋ መጥተው ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ታሪኩን ሲሰሙ ስለ ካንዴላም ስለ ሴንሰርም አልጠየቁኝም። “መቼ ነው?” አሉኝ።

“አንዳንዴ” አልኳቸው።

“አንዳንዴ የሚባል ሰዓት የለም። ደብተር ግዛ።”

ደብተሩ

የልጄን የሒሳብ ደብተር የተረፈ ገጽ ወሰድን። ልጄ ጠዋት ከእናቷ ጋር ስትሄድ ትጽፋለች፤ እኔ ሌሊት ስሄድና ስመለስ እጽፋለሁ፤ ቆሜ እንጂ እየነዳሁ አይደለም። ጋሼ እንድንጽፍ ያዘዙን ይህን ነበር፦ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሞተሩ ገና የተነሣ ነው ወይስ የሞቀ፣ ውጭው ዝናብ ነው ወይስ ደረቅ፣ መኪናዋ ቆማ ነው ወይስ እየሄደች፣ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ፣ ኤሲ ወይም ማሞቂያ በርቷል ወይ፣ ቤንዚን መቼ ተሞላ፣ መብራቷ በራች ወይስ በለጨች። ደህና የሆነችበትንም ቀን ጻፉ አሉን። ይሄኛው መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሳየው ግን ግማሹ መልስ የተገኘው “ዛሬ ምንም የለም” ከሚሉት መስመሮች ነው።

አሥራ ሁለት ቀን ጻፍን። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ መጥፎ ነበሩ። አምስቱም ዝናብ የጣለበት ወይም ሌሊቱን ጭጋግ ያደረበት ቀን ነው። አምስቱም በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይተዋታል። ጋራዥ የምወስዳት ደግሞ መቼ ነው? ከእንቅልፌ ስነሣ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሃያ ደቂቃ ነድቼ። በሽታዋን መንገድ ላይ አድርቄ ነበር የማደርሳት።

የእናንተ ደብተር ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ስለዚህ ጋሼ ያስተማሩኝን እንዳለ ላካፍላችሁ።

እርጥበት ሲኖር ብቻ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ። ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ወስዶ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያደርገዋል። ያንን ያህል ጉልበት ያለው ነገር በተሰነጠቀ ላስቲክና በእርጥብ አየር በኩል ማምለጫ ካገኘ፣ ካንዴላዋ ጫፍ ድረስ ለመሄድ አይደክምም። በአቅራቢያው ወዳለው ብረት ይዘላል።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ሆኖ ዝናብ ኖረም አልኖረም የማይለይ ከሆነ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር ሊሆን ይችላል። በብርድ የሚኮማተር የደረቀ ጋስኬት ወይም የተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ አየር ያስገባል፤ ሲሞቅ ያብጥና ይዘጋል። እንደኛ ባለች ኮሮላ ላይ አየር ማስገቢያው ሥር ያለው ጋስኬት በዚህ ይታማል። ግን አንድ ሌላ አደገኛ ነገርም እንዲሁ ይጀምራል። የራዲያተር ውኃ እያነሰ፣ ጠዋት ስታስነሱ ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ እየወጣ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተንቀጥቅጣ የምትተው ከሆነ፣ ውኃው ሌሊት ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ከቴስታታው ሥር ያለው ጋስኬት ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ደብተር ላይ እየጻፋችሁ አትጠብቁ፤ መኪናዋን አቁማችሁ አስመርምሩ።

ከሞቀች በኋላ ብቻ የምትታመም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኮይል ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብዙ ሽቦ አለ። ያረጀ ሽቦ ሲግል ይለቃል፣ ሲበርድ ይያያዛል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ያላችሁ አንባቢዎቻችን በዚያ በጋ፣ ኤሲ እየሠራ፣ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ የሚያጋጥማችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። ቆማ አርባ ደቂቃ ከበረደች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች።

ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ብቻ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ሲጭን ብልጭታዋ ለመዝለል ትቸገራለች፤ የተበላ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል እዚህ ይታወቃል። ወይም ቤንዚን ፓምፑ የሚበቃትን አያደርስም። ቆማ ብቻ የምትንቀጠቀጥና ስትሄድ የሚተዋት ከሆነ ግን ወደ አየር መግባቱና ወደ ቫልቮቹ ተመልከቱ። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ወዲያው የምታስቸግር ከሆነ ደግሞ የታንኩን ትነት ወደ ሞተር የምታሳልፈው ትንሽ ቫልቭ ክፍት ቀርታ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የሞላበትን ቀን የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ለቤንዚን መኪና ነው። ናፍጣ የምትጠጣ መኪና እሳቷን የምታገኘው ከተጨመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ የብልጭታ ካንዴላ የላትም።

ኮዱን አንብቡ፣ አትሰርዙ

አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ወዲህ የተሸጠ የቤት መኪና ሁሉ፣ አውሮፓ ደግሞ ከ2001 ወዲህ የተሸጠ አዲስ ቤንዚን መኪና፣ ከመሪው በታች ባለ 16 እግር መሰኪያ አለው። እዚያ ላይ የሚሰካው ኮድ ማንበቢያ ከ25 ዶላር ጀምሮ ይገኛል። እዚህ አሜሪካ ብዙ ትልልቅ የመለዋወጫ ሱቆች በነፃ ያነቡላችኋል።

ፒ0300 ካላችሁ ሚስፋየሩ ሲሊንደር እየቀያየረ ነው ማለት ነው። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ እንዴት አወቀ ብትሉ፣ ክራንክ ሻፍቱ ሲዞር ይቆጥራል። አንዱ ሲሊንደር ሳይገፋ ሲቀር ዙሩ በጣም በትንሹ ይዘገያል፤ የማን ተራ እንደነበር ያውቃልና ስሙን ይጽፋል። አልጋ ተሸካሚዎቹን ከሩቅ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። ማን እንደለቀቀ ይነግራችኋል። ለምን እንደለቀቀ ግን አያውቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ፒ0302 “ሁለተኛውን ካንዴላ ቀይር” ማለት አይደለም።

ከኮዱ ጋር አብሮ ፍሪዝ ፍሬም የሚባል መረጃ ይቀመጣል። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ መኪናዋ በምን ፍጥነት ትሄድ ነበር የሚለውን ይይዛል። ኮምፒውተሩ የራሱን ደብተር ይጽፋል ማለት ነው። መብራቱን ለማጥፋት ብላችሁ ኮዱን ከሰረዛችሁ፣ ወይም ባትሪውን ከነቀላችሁ፣ ያ ገጽ ተቀደደ። መጀመሪያ ፎቶ አንሡት። ለጭስ ምርመራ የምትሄዱ ከሆነም ከዋዜማው ሰርዛችሁ አትሂዱ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ገና አልጨረሰም ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

የእኛ ፒ0302 ነበር።

ቦታ ማለዋወጥ

ጋሼ በደጉ ዘመን ዲኤክስ ኮሮላ ሲሠሩ ካንዴላውን የሚፈትሹበት መንገድ ቀላል ነበር። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ጥሩ ሲሊንደር ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል። ተነቅሎ ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር ቀድሞውኑ የሞተው ነው። በዛሬ መኪና ይህን እንዳታደርጉ፤ እናንተንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። በምትኩ ዕቃ ሳንገዛ ቦታ እናለዋውጣለን።

ቅዳሜ ረፋድ ሞተሩ በርዶ ሳለ ኮፈኑን ከፈትን። ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ስታነሱ አራት ኮይሎች ተሰልፈው ታያላችሁ። በእኛዋ መኪና ቁጥር አንድ ቺንጋው ባለበት በኩል ያለው ነው። እያንዳንዷን ኮይል የያዛት በ10 መፍቻ የሚፈታ አንድ ብሎን ነው። የሁለተኛውን ኮይል አንሥተን ሦስተኛው ላይ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ አደረግን። ሌላ ምንም አልነካንም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ኮዱን ጽፈን ከያዝን በኋላ ሰረዝነውና ዝናብ ጠበቅን። በሕይወቴ ዝናብ ናፍቄ አላውቅም ነበር፤ ያኔ ግን ልጄና እኔ በየማታው የአየር ትንበያ እናይ ጀመር።

ሐሳቡ ይህ ነው። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተሻገረ በሽታው ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ ኮይሉን ቀይሩ። እዚያው ፒ0302 ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፤ ቀጥሎ የሁለቱን ካንዴላዎች አለዋውጡ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ወደ ቤንዚን መርጫውና ወደ መጭመቅ አቅሙ ይኬዳል፤ እሱ መሣሪያ ያለው መካኒክ ሥራ ነው።

በአራተኛው ቀን ዘነበ። ባለቤቴ ከመንገድ ደውላ “መጣች!” አለችኝ፣ እንግዳ እንደመጣ። ኮዱን ሳነብ ሁለቱም አሉ፦ ፒ0302ም ፒ0303ም። አንድ የነበረው ሁለት ሆነ። የሆነ ነገር ያበላሸሁ መስሎኝ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። እሳቸው ሳቁ። “በሽታው ተጋብቷል፤ ካንዴላዎቹን አውጣልኝ” አሉ።

የካንዴላዋ ነጭ ሸክላ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በእርሳስ እንደተሠመረ የቀጠነ ጥቁር መስመር ነበር። በመጥረጊያ አይለቅም። ኮይሉ የሚገጥምበትን ላስቲክ በስልክ መብራት ስናየው ትይዩ የሆነ ሌላ መስመር ውስጡ አለ። እሳቱ በጫፏ መዝለል ትቶ በጎኗ የሚሾልክበትን መንገድ ራሱ አቃጥሎ ሠርቷል። መንገዱ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥበት ሲጨመር ይሾልካል፣ ሲደርቅ ይቆማል። አሁን የመጀመሪያው ጋራዥ ሥራ ለምን ሦስት ሳምንት ብቻ እንደቆየ ገባኝ። አዲሷን ካንዴላ አሮጌው ላስቲክ ውስጥ ነበር የከተታት። የተበላሸው ላስቲክ አዲሷንም አበላሻት። ኮይሉን ወደ ሦስተኛው ስናዛውረው ደግሞ ያኛውን መነካካት ጀመረ፤ የሁለተኛው ካንዴላ በበኩሏ መስመሯን ይዛ እዚያው ቀረች።

ስለዚህ ይህን አስምሩበት፦ ሸክላው ላይ መስመር ካያችሁ ካንዴላውና ላስቲኩ፣ ወይም ኮይሉ በሙሉ፣ አብረው ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

“ውኃው ግን ከየት መጣ?” አሉ ጋሼ። “ከመጀመሩ በፊት ምን አድርጋችኋት ነበር?” እኔ ምንም አልኩ። ልጄ ግን “ባባ፣ ልትሸጣት ብለህ ሞተሯን አሳጥበሃት አልነበር?” አለች። ዝም አልኩ። ሴፕቴምበር ላይ፣ ለገዢ ታምር ብዬ፣ በኃይለኛ ውኃ ኮፈኗ ሥር ሁሉ አሳጥቤያት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ሙቀት የበላው የኮይል ላስቲክ ደርቋል፤ ውኃው የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ሌላ ሰው ላይ ጣቴን ስቀስር የከረምኩት ለካ በሽታውን የገዛሁት በገዛ ገንዘቤ ነው። (ልጄ ይህን እንዳልጽፍ አልከለከለችኝም፤ እንዲያውም እንድጽፍ አስጠንቅቃኛለች።)

አንድ ኮይል ከነላስቲኩ፣ ሁለት ካንዴላ። ጉድጓዶቹን አደረቅን፤ የሌሎቹን ሁለት ሲሊንደሮች ካንዴላና ላስቲክ አይተን ንጹሕ ሆነው አገኘናቸው። ካንዴላ ስትገጥሙ በእጃችሁ ጀምራችሁ አዙሩ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በግድ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል። የጫፉ ክፍተት ለእኛዋ ሞተር 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ የእናንተን በመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ጉድጓዱ ውስጥ ከውኃ ይልቅ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ የላይኛው ክዳን ጋስኬት ያፈሳል ማለት ስለሆነ እሱ ሳይቀየር አዲስ ኮይል አትግጠሙ። የኛ ወጪ ማንበቢያውን ጨምሮ 115 ዶላር ሆነ።

ረዣዥም የካንዴላ ገመድ ያላት፣ ከእኛዋም የምታረጅ መኪና ካላችሁ ሌላ ዘዴ አለ። ማታ፣ ጨለማ ቦታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ልብስ በሚረጩበት ጠርሙስ ውኃ እንደ ጤዛ ገመዶቹ ላይ ርጩ። የሚሾልክ ካለ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታያላችሁ፣ ቸክ ቸክ ሲልም ትሰማላችሁ። ይህን አዋቂ ብቻ ያድርገው፤ ምንም ሳይነካ፣ ነጠላና ሻርፕ አውልቆ፣ ከቺንጋውና ከማራገቢያው ርቆ። ልጆች ከሩቅ ብልጭታ ይቁጠሩ። ቤት ውስጥ ባለ ጋራዥ ግን ሞተር አታስነሡ፤ ጭሱ ይገድላል።

ጋራዥ ስትሄዱ

ሁሉም ሰው ኮይል ይፍታ እያልኩ አይደለም። ጊዜ የሌለው፣ ቦታ የሌለው፣ የሚፈራም አለ። ግን ባትፈቱም ደብተሩን መያዝ ትችላላችሁ። ልጃችሁ የምታስተረጉም ከሆነ ቆማ ከማስታወስ ወረቀቱን ትስጥ፤ አንድ ሕፃን ስለ ሦስት መቶ ዶላር ጥገና በሁለት ቋንቋ መደራደር የለባትም። እኔ ይህን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የኮዱን ፎቶ ጨምሩበት። በጠዋት እርጥበት የምትታመም ከሆነ መኪናዋን ማታ አድርሳችሁ አሳድሯት፤ መካኒኩ ራሱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና ያስነሣት። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምርመራው ብቻ ስንት ነው? ይህ ዕቃ መበላሸቱን ያሳያችሁ ምን ፍተሻ ነው? የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ትመልሱልኛላችሁ? ግምቱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ጥሩ መካኒክ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ደብተሩን ያሳየሁት አንድ መካኒክ እንዲያውም “ሁሉም ደንበኛ እንዲህ ቢሆን” ብሎ ገጹን ፎቶ አነሣው።

ከጥገናው በኋላ ስድስት ዝናባማ ጠዋት ጽፈን “ምንም የለም” አልን። መኪናዋን መሸጥ ትተናል። ደብተሩም ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ትናንት ከፍቼ ሳየው ልጄ አዲስ ገጽ ጀምራለች፦ “ፍሬን ሲያዝ ሲጢጥ ይላል። ጠዋት ብቻ። ሁለት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ይተዋል።”